የባለ እጁ ጎጆ ክዳን

በአገራችን እንግዳ መቀበል ክብር፣ ቤት ማከራየት ነውር ነው። ይህን ሕግ ማን እንደ ደነገገው አላውቅም። ብዙ መጻሕፍት አገላብጫለሁ፤ ከአንዱም አላገኘሁትም። ደብረ ታቦር ላይ ግን በድንጋይ ከተጻፈ ይልቅ የጸና ነው። እኔ ቤት አከራይ ነኝ። ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራውን ይህን ነገር እኔ ቀና ብዬ እናገረዋለሁ። በዕድሜዬ ከጻፍሁትም፣ በማኅሌት ቆሜ ከዘመርሁትም ይልቅ የምኮራበት ሥራ አንድ የጎጆ ክዳን ነው።

እንግዳ ተቀባይነታችንን አልነቅፍም፤ ግን ሲመረምሩት ርካሽ በጎነት ነው። እንግዳ ይበላል፣ ያድራል፣ መርቆ ይሄዳል። ጣራው ቢያፈስበት ነገ ከሌላ ሰው ጣራ ሥር ነው። በነጻ ስለገባ አፍ የለውም፤ እንግዳው አፍ ስለሌለው ደግሞ አስተናጋጁ ሁልጊዜ ደግ ነው። የከፈለ ሰው ግን ጣራውን ቀና ብሎ አይቶ «ይኼ ምንድን ነው?» ይላል። ደግነት የሚፈተነው እዚያ ላይ ነው።

ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም። እናቴ ካረፈች በኋላ ጓሮ ያለችው ጎጆዋ ባዶ ቀረች። ንጉሡ ከተማችንን መቀመጫቸው ካደረጉ ወዲህ ደግሞ ክረምት በገባ ቁጥር ጭፍራው በየሰዉ ቤት ይመደባል። ለእኔ የደረሰኝ ወታደር ሁለት ክረምት ከረመ። በጎቼን በላ፣ አጥሬን እየነቀለ አነደደ። ጎረቤት ሁሉ «እግዜር ይስጥዎ፣ ቤትዎ የተባረከ ነው» ይለኝ ነበር። ሲሄድ የጎጆዋን መዝጊያ ነቅሎ ይዞ ሄደ። ያን ጊዜም መረቁኝ።

በሦስተኛው ዓመት ጥቅምት ላይ አንድ ሰው ከደጄ ቆሞ ተጣራ። ከገሳይ በኩል የመጣ ባለ እጅ ነበር፤ ብረት ቀጥቃጭ። ንጉሡ በጋፋት በሚያሠሩት የብረት ሥራ ገብቶ ሊሠራ ነው፤ ሚስቱ ዕቃ ተሸክማ ከኋላው ቆማለች።

«መሪጌታ፣ ጓሮ ያለችው ጎጆ ባዶ ናት አሉኝ» አለ።

«ባዶ ናት። የእግዜር እንግዳ ከሆንህ ግባ።»

«እንግዳስ አይደለሁም፤ ዓመትም ሁለት ዓመትም ልቆይ እችላለሁ። ለቤቱ ምን ልስጥዎ?»

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። እንደ ወጉ «ምን ማለትህ ነው፣ ለቤት ይከፈላል ወይ?» አልሁት።

«ሁለት ጊዜ በነጻ ገብቼ አይቻለሁ» አለ። «አንድ ቦታ የሰውዬው ላም ወተቷ ነጠፈ፣ ወጣሁ። ሌላ ቦታ የሴትዮዋ ልጅ ሆዱን ታመመ፣ ወጣሁ። በነጻ ያስገባ በነጻ ያስወጣል። የሰጠሁ እንደ ሆነ ግን የምለው ይኖረኛል።»

ከአራት ጉባኤ መምህራን ሥር ተቀምጬ ስለ ሕግ ከሰማሁት ሁሉ ይህ አጭሩና ግልጹ ነበር። ወደድሁት።

ውሉን ከአጥር ማዶ ባለው ጎረቤቴ ፊት ተዋዋልን። ጎረቤቴ ስድሳ ዓመት ያለፈው ገበሬ ነው፤ በሰፈራችን ቤት ሲከደን፣ እህል ሲታጨድ ደቦ የሚጠራውም የሚመራውም እሱ ነው። ባለ እጁ በዓመት አንድ ማረሻና አንድ ማጭድ ሊሰጥ፣ የቤቱን ቢላዋና የእኔን የብርዕ መቅረጫ ሊስል። እኔ ደግሞ አጥሩን ላጥር፣ ለጭቃ ሹሙ ዋስ ልሆነው፣ ከሰኔ በፊትም ጎጆዋን ልከድን። ከተረፈ ብራና ቁራጭ ላይ ጻፍሁት።

«ለአንዲት ጎጆ ብራና አበላሹ!» አለ ሽማግሌው። «እንዲህማ ከሆነ ለዶሮ ቤቴም ይጻፉልኝ።»

«ክዳኑ በእኔ» የምትለዋን ቃል በተለይ አሳምሬ ነው የጻፍኋት። ስጽፋት ግን ቀና ብዬ ክዳኑን አላየሁም። እንደኔ ያለ ሰው ዓይኑ ወደ ታች ለምዷል።

እዚህ ላይ ስለ እንጀራዬ የማልሸሽገው ነገር አለ። ከደብሩ ከማገኘው ሌላ ክታብ እየጻፍሁ ነበር የምኖር፤ በሰፈራችን በአንገት ላይ ከሚንጠለጠለው ክታብ የሚበዛው የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው። ከዚያም የሚበዛው ለቡዳ መከላከያ ነው። ብረት ቀጥቃጭ ዓይኑ ሰው ይበላል፣ በተለይም ሲበላ ያየውን ሰው፣ ይባላል። አምኜበት ነበር ወይ? የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። ባለ እጁ ጓሮዬ ከገባ በኋላ ደግሞ ክታብ ፈላጊው በዛ። የገዛ ተከራዬ ገበያ አመጣልኝ። ሰዎች ሊያጽፉ ወደ ደጄ ሲመጡ እሱ ያያቸዋል፤ ለምን እንደመጡም ያውቃል። መዶሻውን ይዞ ወደ ጎጆው ይገባል፤ አንድ ቀንም አንድ ቃል አልተናገረኝም።

ሚያዝያ ላይ ማጭዱን ልቀበል ወደ ጎጆዋ ገባሁ። ወለሉ ላይ የተዘራ የሚመስል ብርሃን አየሁ፤ እዚህም እዚያም ክብ ክብ። ሚስቱ አልጋዋን ከነበረበት አንሥታ ከበሩ ሥር አድርጋዋለች። ሆዷ ገፍቷል።

«አልጋውን ለምን አነሣሽው?» አልኋት።

«ከዚያ ላይ ሰማይ ይታየኛል፣ ጌታዬ። በበልጉ ዝናብ ሦስት ጊዜ አዛወርሁት፤ አሁን የቀረው በር ነው።»

«ለምን አልነገርሽንም?»

«ዋናው ዝናብ ገና ነው ብዬ ነው። እስከዚያ ይከደናል ብሎኛል፤ ተጽፏል ብሎኛል።»

ተጽፏል! ቀና ብዬ አየሁ። የእናቴ ጎጆ ክዳን ከጥቅም ውጭ ሆኗል፤ ሣሩ ጠቁሮ በስብሷል፣ ወራጁ ላይ ከቀረው ይልቅ የወደቀው ይበልጣል። ሴትዮዋ የምትወልደው በሰኔ ነው። በጉና ሥር የሰኔ ዝናብ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ልንገረው፤ ከሰማይ የሚወርድ ወንዝ ነው፣ ከበረዶ ጋር። በዚህ ጣራ ሥር ከወለደች ልጁም እናቲቱም አይተርፉም። ያንን ጣራ ለመጠገን ደግሞ የፈረመው እኔ ነኝ።

ሣር አልቸገረኝም። ለራሴ ቤት ብዬ በኅዳር ያሳጨድሁት ሰንበሌጥ ተከምሯል። የሚከድን ሰው ነው የፈለግሁት፤ ለዚያ ደግሞ ደቦ አለ። ግንቦት እንደገባ ቀን ቆርጬ ለሰፈሩ ነገርሁ። ባለቤቴ ጠላ ጠመቀች፣ በግ ታረደ። ጠዋት ከደጅ ቆሜ ጠበቅሁ። ፀሐይ ወጣች፣ ከፍ አለች፣ ከአናቴ ላይ ደረሰች፤ ሰው የለም። አንድ ውሻ መጥቶ የበጉን አንጀት ይዞ ሄደ።

ወደ ሽማግሌው ቤት ሄድሁ። ደጁ ላይ ተቀምጦ ጅራፍ ይገምዳል።

«አያ፣ ምነው? ቀኑን ረሱት እንዴ?»

«አልረሳሁም።»

«ታዲያ?»

«ደቦ ይበላበታል፣ መሪጌታ።»

«ይበላበታል እንጂ! በግ አርጃለሁ።»

«የት ነው የሚበላው?»

«ከጎጆዋ ደጅ፤ ሁልጊዜ ከየት ይበላል?»

ጅራፉን አስቀመጠና አንገቱ ላይ ያለውን የቆዳ ማኅደር ከጋቢው አወጣው። «ይኼን የጻፉልኝ አንቱ አይደሉም?»

«ነኝ።»

«ከምን እንዲጠብቀኝ?»

ዓይኔን ወደ ጅራፉ መለስሁ።

«ከቡዳ ዓይን ጠብቀኝ ብለው ጻፉልኝ። ለልጄም ጻፉ፣ ለምራቴም ጻፉ። አሁን ደግሞ ከባለ እጅ ደጅ ቁጭ ብላችሁ ሥጋ ብሉ ይሉናል። እንግዲህ ከሁለቱ የትኛውን እንስማ?»

በሙግት የሚረታኝ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር፤ እሱ ጅራፍ እየገመደ ረታኝ። ስሕተቱ የእኔ ነው። ጠዋት ፍርሃቱን እየሸጥሁ ከሰዓት ከተፈራው ሰው ጋር ማዕድ እንዲቆርሱ ጠራኋቸው። እንዲህ ያለውን ስሕተት ደብተራ ካልሆነ ማንም አይሠራውም።

ባለ እጁ ሲመሽ ከጋፋት ሲመለስ ነገሩን በመንገድ ሰምቶታል። ከደጄ መጥቶ ቆመ።

«መሪጌታ፣ ነገ እንለቃለን። አይጨነቁ።»

«ወዴት?»

«ጋፋት የሥራ ዳስ አለ።»

«ዳሱ ግድግዳ አለው?»

«የለውም።»

«ሚስትህ እዚያ ልትወልድ ነው?» ብራናዋን አውጥቼ አነበብሁለት። «ያንተ ፈንታ ማረሻና ማጭድ ነው፤ ሰጥተሃል። የእኔ ፈንታ ክዳን ነው፤ አልሰጠሁም። እንዲህ ሆኖ እንዴት ትለቃለህ?»

«ሰው አልመጣማ! ማን ይከድነዋል?»

«ውሉ ሰው አይልም። በእኔ ነው የሚለው።»

ከኋላዬ ባለቤቴ ሳቀች። «አንቱ? መሰላል ላይ? የመቋሚያ እንጨት የከበደዎት ሰው!»

ባለ እጁ ሊያግዘኝ አይችልም፤ ከጋፋት የንጉሥ ሥራ አንድ ቀን ቢቀር ጉዱ ይፈላል። እሑድ ደግሞ አይሠራም። ስለዚህ በማግስቱ ብቻዬን ወጣሁ። ጥምጥሜን ፈታሁ፣ ጋቢዬን በወገቤ አሰርሁ፣ የበሰበሰውን ሣር እያወረድሁ እስከ ቀትር ደረስሁ። የእናቴ ጎጆ ወራጅና ማገሯ ደኅና ነበር፤ ጽድ ነው። ከዚያ አዲሱን ሰንበሌጥ በልጥ እየጠፈርሁ መክደን ጀመርሁ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሰፈሩን ዞረ። ደቦ ሲጠራ ያልመጣ ሰው ሁሉ መሪጌታ ጣራ ላይ ወጡ ሲባል አጥሬን ከቦ ቆመ።

«መሪጌታ፣ ቅኔ ነው ሣር የሚቆጥሩት?» አለ አንዱ።

«ሰሙን ከደንሁ፤ ወርቁን አንተ መጥተህ ክደን» አልሁት።

«ከዚያ ላይ ሆነው ገነት ይታያል?» አለች አንዲት ሴት።

«ገነትስ አይታየኝም፤ ያንቺ ቤት ክዳን ግን ይታየኛል። ለባልሽ ንገሪው፣ በምሥራቅ በኩል ቀዳዳ ነው።»

ተሳሳቁ። ሽማግሌው ብቻ አልሳቀም። አጥሩን ተደግፎ እጆቼን ያያል። እኔ አንድ ዙር ጨርሼ ሁለተኛውን ስጀምር ፊቱ እንደ ታመመ ሰው ተጨማደደ። ሦስተኛው ላይ አልቻለም።

«ኧረ በማርያም!» ብሎ ጮኸ። «ከላይ አይጀመርም! ማነው ከላይ የሚጀምር? ከታች ነው! ከታች!»

ለካ ከጉልላቱ ጀምሬ ወደ ታች እየወረድሁ ነበር። ገጽ የሚነበበው እንደዚያ ነው፣ የሚጻፈውም እንደዚያ ነው፤ ሌላ መንገድ እንዳለ ለአንድ አፍታም አላሰብሁም። ክዳን ግን ከታች ከግድግዳው ጫፍ ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ የላይኛው ሣር የታችኛውን እየተጫነ ውኃውን አሳልፎ እንዲያወርድ። እኔ እንደሠራሁት ቢሆን ዝናቡ ከየዙሩ ሥር እየገባ ቤት ውስጥ ይንቆረቆር ነበር።

«ታዲያ መጥተው ያሳዩኝ!» አልሁት።

«አልመጣም!»

«እንግዲያውስ እንደማውቀው እሠራለሁ።» አንድ ነዶ አንሥቼ እንደገና ከላይ አኖርሁ።

ሽማግሌው አርባ ዓመት ክዳን ሲከድን የኖረ ሰው ነው። ቡዳ ያስፈራዋል፤ መጥፎ ክዳን ግን ያንገበግበዋል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚበረታ በዚያች ቀን አየሁ። አጥሩን ዞሮ ገባ፣ መሰላሉን ያዘ፣ ከእኔ ጎን ደርሶ የሠራሁትን ሁሉ በአንድ እጁ ቦጨቀው።

«ልሥራ እንጂ አልቀምስም» አለ። «ውኃም ቢሆን።»

«አልጋብዝዎትም» አልሁት።

ሦስት ቀን ሠራን። እሱ ይከድናል፣ እኔ ነዶና ልጥ አቀብላለሁ፤ ከታች ወደ ላይ። በሁለተኛው ቀን እጁን ከሥራ ሳያነሣ፣ «እውነቱን ይንገሩኝ፣ መሪጌታ» አለኝ። «ክታቡ ይሠራል አይሠራም?»

«ይሠራል ካልሁዎ፣ አንገትዎ ላይ እያለ ምን ፈሩ? አይሠራም ካልሁዎ፣ ለምን ጻፍሁልዎ?»

«ይኼ ቅኔ ነው። እኔ የጠየቅሁት ሌላ ነው።»

ከታች የባለ እጁ ሚስት እህል ስትሰልቅ ይሰማል። «ብራናውን አውቃለሁ» አልሁት፤ «ቀለሙንም አውቃለሁ፣ ከምን እንደሚበጠበጥ። ከዚያ ያለፈውን አላውቅም።»

የያዘውን ልጥ ጠበቅ አድርጎ ቋጠረ። እኔ ከጣራው የሚጥለኝ መስሎኝ ነበር። «ልጥ አቀብሉኝ» አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ወደ ማታ ጉልላቱን አሰርን። ወርደን ከደጅ ቆምን። ግንቦት ነው፣ ሙቀት ነው፤ የሽማግሌው ከንፈር ደርቋል። ባለቤቴ ጠላ በዋንጫ ይዛ መጣች፤ ልትሰጠው ፈርታ መካከል ላይ ቆመች። በዚያው ሰዓት ባለ እጁ ከጋፋት ደረሰ። ክዳኑን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ ዋንጫውን አየ። ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ጀርባውን ሰጠን። ሽማግሌው ሳይፈራ እንዲጠጣ ነው። ይህን ማድረግ ልማዱ እንደሆነ ከአዟዟሩ ያስታውቅ ነበር።

ሽማግሌው ዋንጫውን ተቀበለ። የባለ እጁን ጀርባ አየ።

«አንተ!» አለ። «ጣራህን አታየውም እንዴ? ሦስት ቀን ሙሉ ለአጥር ነው የሠራሁት?»

ባለ እጁ ቀስ ብሎ ዞረ። ሽማግሌው በግራ እጁ ክታቡን ጨብጦ፣ በቀኙ ዋንጫውን አንሥቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። ሁላችንም ጠበቅን። ዓይኑን ገለጠ።

«ጠላው ቀጥኗል» አለ።

«ሦስት ቀን ውኃ ስጨምርበት ምን ይሁን?» አለች ባለቤቴ።

ሴትዮዋ በሰኔ፣ ዝናቡ በሚወርድበት ከሰዓት በኋላ ወለደች። ባለቤቴና የሰፈሩ ሁለት ሴቶች ከእሷ ጋር ናቸው፤ ከሁለቱ አንዷ የሽማግሌው ምራት ናት። እኔ በቤቴ ደጅ ቆሜ፣ «ማርያም፣ ማርያም» ሲሉ እሰማለሁ፤ ጆሮዬ ግን በምጡ ላይ ሳይሆን በሣሩ ላይ በሚወርደው ዝናብ ላይ ነበር። እልልታው ሦስት ላይ ቆመ፤ ሴት ናት።

ከዚያ ወዲህ የቡዳ ክታብ ጽፌ አላውቅም። ባለቤቴ ይህን ያህል ብራና ያለ ሥራ መቀመጡን በየሳምንቱ ታስታውሰኛለች። ሰፈሩም ከመሪጌታው ይልቅ በመሪጌታው ክዳን ይስቃል፤ ከሽማግሌው እጅ የወጣ መሆኑን እያወቁ የእኔ ነው ይላሉ። አልከራከራቸውም። ነዶውን ያቀበልሁ እኔ ነኝ፤ ፊርማውም የእኔ ነው።

አራስ ቤት ወንድ አይገባም፤ የሴት ልጅ ክርስትና ደግሞ በሰማንያ ቀን ነው። ስለዚህ ያን ክረምት ሙሉ የገዛ ጎጆዬ ጣራ ከውስጥ ምን እንደሚመስል ማየት አልቻልሁም። በረዶም ሆነ ዶፍ፣ ባባራ ቁጥር ጋቢዬን ተከናንቤ ከጓሮው ጎጆ በር ላይ እቆምና እጣራለሁ።

«እንዴት ነው?»

«ደኅና ነን፣ ጌታዬ» ትላለች ከውስጥ።

«ያፈሳል?»

አንዳንዴ ቶሎ አትመልስልኝም፤ ቀና ብላ እያየች መሆኗን አውቃለሁ። «ጠብ ያለ የለም» ትለኛለች።

ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ ድረስ ጮክ ብዬ አስደግማታለሁ።